የገጹ የመጀመሪያ ቃል

ሙስሊማ ከደሴ ወደ አባቷ ቤት የመጣችው ልታርፍ አልነበረም። ዕረፍት የሚባለውን ነገር ካየችው ሁለት ዓመት አልፏታል። የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርሷን ጀምራ፣ ኮርሱን ሁሉ በጥሩ ውጤት ጨርሳ፣ የመመረቂያ ጽሑፏ ደጃፍ ላይ ስትደርስ በሩ ተቆለፈባት። የመጀመሪያ ርዕሷን ኮሚቴው «ይህን ስንት ሰው ሠርቶታል» ብሎ መለሰው። ሁለተኛውን «ዳታው የት አለ?» ብሎ መለሰው። ሦስተኛው ከተመለሰ ቦታዋን ለሌላ ተማሪ ትለቃለች፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። ደንብ ደግሞ መቼም የሚጸናው የቸኮለ ሰው ላይ ነው።

ሦስተኛው ርዕስ የመጣላት ሳትፈልገው ነው። አማካሪዋ ዶክተር አሳምነው ቢሮ ተቀምጣ፣ እንባዋ አፍንጫዋ ሥር ደርሶ፣ «እኛ ቤት እኮ ማንም ያልነካው መጽሐፍ አለ» አለች፤ ለወሬ ያህል። አያቷ በእጃቸው የገለበጡት፣ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፤ አጀሚ የሚሉት። ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ማሽን እንዲያነበው ማድረግ ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ።»

«እንግዲያው መቶ ገጽ አምጪ። ፎቶውና ጽሑፉ ጎን ለጎን፣ መስመር በመስመር። እስከ ዓርብ ሳምንት እጄ ካልገባ ፕሮፖዛልሽ ላይ አልፈርምም።»

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማት ማለት ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ኢንተርኔት ስታስስ የከረመችው ዳታ አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ በቆዳ ከረጢት ተሰቅሎ ነበር።

የሸህ ሀቢቡላህ ቤት ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር ጉዞ ላይ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሳይጀምር ነው። ከቤቱ ጎን መስጊዱ አለ፤ ከመስጊዱ ጀርባ ቂርአት ሊቀሩ፣ የሃይማኖት ትምህርት ሊማሩ፣ ከየአገሩ የመጡ ደረሳዎች የሚያድሩባቸው ጎጆዎች አሉ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱን የያዙት የአባቷ እህት ነሲባ ናቸው። ኔትወርክ እቤቱ አይደርስም። ከመስጊዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ፊትን ወደ ከተማው አዙሮ፣ ስልክን ከፍ አድርጎ መለመን ነው፤ እሱም ሲፈቅድ።

ሙስሊማ ቅዳሜ ከገባች ጀምሮ በቀን ስምንት ጊዜ ጉብታውን ትወጣለች። መልእክት እንደሌለ እያወቀች ትወጣለች። ወርዳ ሻይ ይቀርብላታል፤ ግማሹን ጠጥታ ትነሣለች። ላፕቶፑ የመስጊዱ ሶላር ላይ ስንት እንደሞላ ለማየት ትሄዳለች፤ ሳታይ ትመለሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቂጥሽ መሬት አይነካም እንዴ?» አሉ አክስቷ ነሲባ። «ምን ነክሶሽ ነው?»

«ፕሮፖዛል ነው አክስቴ።»

«አላህ ይንቀልልሽ» አሉ፤ የበሽታ ስም መስሏቸው።

አባቷን ስታስፈቅድ ትልቅ ክርክር ጠብቃ ነበር። ሸህ ሀቢቡላህ ሰባ ያለፋቸው፣ ደረቅ ያሉ፣ በቂርአት ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። ማሽን ኪታቡን ሊያነብ ነው ስትላቸው ግን ሳቁ።

«ማሽንሽ ውዱእ ያደርጋል?»

«አባ!»

«እሺ፣ ግን ይህን ኪታብ ከአፍ ያልተቀበለ አያነበውም። አባቴ ከሸኻቸው አፍ ተቀበሉ፤ እኔ ከአባቴ። ለአንቺም ‹ስትመለሺ› ብዬሽ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ልትማሪ ከተማ ገባሽ፣ አልተመለሽም። ደረሳዎቹም ገና ኢጃዛ፣ የማንበብ ፈቃድ፣ የላቸውም። ስለዚህ ራሴ አነባለሁ፤ ማሽንሽ ከእኔ አፍ ይቀበል።»

ከዚህ የተሻለ ነገር ሙስሊማ በህልሟም አላየችም። እሳቸው ያነባሉ፣ በስልኳ ትቀዳለች፣ የእያንዳንዱን ገጽ ፎቶ ታነሣለች፣ ፎቶውንም ቅጂውንም አንድ ቁጥር ትሰጣቸዋለች፣ ከዚያ የሰማችውን በኮምፒውተር ትጽፋለች። ማሽን የሚማረው እንዲህ ነው፤ የመስመሩን ምስል እያሳዩ፣ መስመሩ ምን እንደሚል እየነገሩት። የሚነገረው ከሚታየው ከተለየ ግን ውሸት ይማራል፤ ውሸቱንም አጥብቆ ይይዛል።

በዚያ ቤት አነባበብ የራሱ ወግ አለው። ሸኹ ቀድመው አይጀምሩም። ተማሪው ቀርቦ የገጹን የመጀመሪያ ቃል ጮክ ብሎ ይላል፤ ገጹን በሁለት እጁ ያቀብላል፤ ሸኹ ከዚያ ተቀብለው ይወርዱታል። ቃል መስጠት ይሉታል። ሙስሊማ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ቃል ስትሰጥ ያደገች ልጅ ናት፤ ስለዚህ ሳታስበው ሰጠች። ቃሉን ትላለች፣ ገጹን ታቀብላለች፣ የስልኩን ቁልፍ ትጫናለች። አባቷ ደጃፍ ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቸኩሉ ሳይዘገዩ፣ እስከ ታች ይወርዱታል። እሷ አጠገባቸው ሆና እግሯን ታርገበግባለች።

እሑድ አሥር ገጽ እንኳ ሳይነበብ፣ ትልቁ ደረሳ ሙእሚን ከጉብታው እየሮጠ ወርዶ «ኔትወርክ አለ! ስልኬ ጮኸ!» ቢላት፣ ጭኗ ላይ ያለውን ረስታ ብድግ አለች። ኪታቡ ስፌት የለውም፤ ገጾቹ ነጠላ ነጠላ ናቸው። ሁሉም ደጃፉ ላይ ተበተነ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ሙስሊማ ግን አፈሰሰች እንጂ በወጉ እንኳ አልለቀመችም። እንደመጣላት ሰብስባ፣ ድንጋይ ጭናበት ጉብታውን ወጣች። ኔትወርኩ ሄዷል።

«ቅደም ተከተሉ ተዛባ?» አሉ አባቷ ስትመለስ።

«ለማሽን ችግር የለውም አባ።»

«አሃ» አሉና የገጾቹን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ሙስሊማ ግን ስልኳን እያየች ነበር።

ሰኞ ከዓሥር ሰዓት በኋላ መቶው ገጽ ተቀድቶ አለቀ። ማክሰኞ ጠዋት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ መጻፍ ጀመረች። እየሰሙ መጻፍ ቀላል ሥራ ነው፤ ፎቶውን እንኳ አትከፍተውም ነበር። አባቷ ካነበቡት ምን ይታያል? በሰባት ሰዓት ሃምሳኛው ገጽ ላይ ደርሳ፣ ቅዳሜ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይዋን እስከ ታች ጠጣች።

ሃምሳ ሁለተኛውን ስትከፍት የምታውቀው መሰላት። ትንሽ ሰማች። ሠላሳ ሰባተኛውን መልሳ ከፈተች። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ቃል በቃል።

ግጥሙ የመንገደኛ ምክር ነው፤ ከዚህ ዓለም ወደዚያኛው የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሰንቅ፣ የት እንደሚያድር። በየመሐሉ «ልቤ ሆይ ተነሣ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» የሚል አዝማች አለው፤ በዚሁ አዝማች የሚጀምሩ ገጾች ብዙ ናቸው። ቀድሞ የጠረጠረችው ራሷን ነው። አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ ቀዳሁ እንዴ? ፎቶዎቹን ከፈተች። ሁለት የተለያዩ ገጾች ናቸው። ፊደሉን እንደ ልጅነቷ አንድ በአንድ እየቆጠረች አነበበችው። ሃምሳ ሁለተኛው ገጽ ስለ ወንዝና ስለ ድልድይ ነው የሚያወራው፤ አባቷ ያነበቡት ስለ ስንቅ ነው።

ሌሎቹን መፈተሽ ጀመረች። አሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አሥራ ሦስት መስመር አለ፤ አባቷ አሥራ አምስት አንብበዋል። ሃያ ዘጠነኛው ላይ ሁለት ጊዜ የተጻፈ መስመር አለ፤ አባቷ አንድ ጊዜ ብቻ ብለውታል።

አባቷ ንባብ አይሳሳቱም። አንዲት ፊደል እንኳ አያልፉም፤ ይህን ደረሳው ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ምንድነው? ቅዳሜ ስትገባ «ከስተሻል» ብለዋት ነበር። ሲሉ ክንዷን ይዘው ነበር። ወደ መስጊድ ሲሄዱ እጃቸው የሙእሚን ትከሻ ላይ ነበር፤ እርጅና ነው ብላ አለፈችው። በሁለቱ የንባብ ቀናት አንድም ጊዜ ገጹን ወደ ብርሃኑ ዘንበል አላደረጉም። አንድም ጊዜ።

ሙስሊማ ከደብተሯ ባዶ ወረቀት ቀደደች። እያደረገች ያለችው ነገር እያሳፈራት ሄደች። አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጠው መስበሃቸውን ይቆጥራሉ።

«አባ፣ አንዲት ገጽ ቀረችኝ።»

«ማለፊያ። ቃሉን ስጪኝ።»

«ልቤ ሆይ» አለች፤ ባዶውን ወረቀት በሁለት እጇ አቀበለቻቸው።

ሸህ ሀቢቡላህ ተቀበሉ። አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ አውራ ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

«ሙስሊማ» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ የአባቴ ወረቀት አይደለም።»

«አይደለም።»

«ምን ተጽፎበታል?»

«እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ አባ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ደጃፉ ላይ የአክስቷ ዶሮዎች ይጭራሉ። «ካለፈው ክረምት ጀምሮ ነው» አሉ። «መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙ ሄደ፤ ከዚያ መሐሉ።»

«ሞራ ከሆነ እኮ ይገፈፋል!»

«ሞራ አይደለም። የዓይን ግፊት ነው አሉ፤ ዘግይቷል አሉ። ደሴ ሄጄ ታይቻለሁ።»

«ደሴ? እኔ ያለሁበት ደሴ?»

«ሙእሚን እጄን ይዞ ወሰደኝ። ከሐኪሙ ስንወጣ ‹ግቢዋ ይህ ነው› አለኝ። ከአጥሩ ሥር ቆሜ ዱዓ አደረግሁልሽና ተመለስኩ።»

ሙስሊማ ተናደደች። ማልቀስ ነበረባት፤ እሱ ኋላ መጣ፤ ቀድሞ የመጣው ንዴት ነው። «ለምን? ለምን አልተነገረኝም?»

«ብነግርሽ ትመጫለሽ። ከመጣሽ ትቀሪያለሽ። አውቅሻለሁ።» ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ፤ ትንሽ ሳቱት። «‹ጽሑፏን እስክትጨርስ ማንም እንዳይነግራት› ብዬ ሁሉንም አስምያለሁ። አውፍ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ሁሉንም! ሙእሚን ያውቃል፤ ደረሳው ሁሉ ያውቃል፤ አክስቷ ያውቃሉ። ከመንገዱ ማዶ ያሉት ክርስቲያን ጎረቤታቸው እማማ ፈንታዬ እንኳ ያውቃሉ፤ ከጠበሉ በጠርሙስ ልከው ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በዚህ ዓመት አራት ጊዜ መጥታለች፤ አራቱንም ጊዜ ሻይ እየጠጣች፣ ስልኳን እያየች፣ አባቷን እንደ ድሮው አድርጋ በልቧ ይዛ ሄዳለች። ደረሳዎቹ ላይ መናደዱ ይቀላል። ማንም ዓይኗን አልሸፈነውም።

ጉብታውን ወጣች፤ የሚሸሽ ሰው አወጣጥ። ከላይ ሆና ገደሉንም ከተማውንም አየች፤ አንዱም አላረጋጋትም። ሥራዋ ስንቱ ልክ ነው? አታውቅም። መቶውም ሊሳሳት ይችላል። ደግሞ አንድ ሐሳብ መጣ፤ እግዚኦ የሚያሰኝ ሐሳብ። ኮሚቴው ውስጥ ያን ፊደል የሚያነብ አንድም ሰው የለም። ዶክተር አሳምነውም አያነቡም። እንዳለ ብትልከው ማን ያውቃል? ዓርብ ይፈረማል፤ በዓመቱ ትመረቃለች፤ ለአባቷ ትደርሳለች። አባቷም የደበቁት ለዚህ አይደለም? ሐሳቡን አንድ አሥር ደቂቃ ያህል ይዛው ቆየች፤ ጣፋጭ ነበር። ስልኩ ሁለት መስመር ሲያሳይ ደወለች።

«ዶክተር፣ ዳታው ተበላሽቷል።»

«እንዴት?»

«ያነበበው ሰው ያነበበው በቃሉ ከሚያውቀው ነው። ከገጹ አይደለም።»

«ስንቱ ነው ልክ?»

«አላውቅም።»

«‹አላውቅም› የሚባል ዳታ አልቀበልም» አሉ ዶክተር አሳምነው። ክፋት የለባቸውም፤ ሰውየው እንዲያ ናቸው። «ዛሬ ማክሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ረቡዕ ጠዋት ሸህ ሀቢቡላህ ውዱእ አድርገው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው መደቡ ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ሙእሚንን ምስክር አድርገው አስቀምጠውታል። ልጁ ሙስሊማን ቀና ብሎ ማየት አቅቶት መሬቱን በጣቱ ይፍቃል።

«እጅሽን ስጪኝ» አሉ። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ይህን ኪታብ አባቴ ከሸኻቸው ተቀበሉ፤ እኔ ከአባቴ ተቀበልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ከአፌ ሰምተሽዋል። ለአንቺ ሰጥቻለሁ፤ አንብቢው።»

ኢጃዛ የሚባለውን ነገር ሙስሊማ ሰው ሲቀበል አይታለች፤ ጸጉሩ የሸበተ ሰው፣ አሥር ዓመት የቀራ፣ እያለቀሰ። ለእሷ በሁለት ቀን ተሰጣት፤ ለዚያውም በስህተት። «አባ፣ አይገባኝም» አለች።

«አይገባሽም» አሉ ሸኹ። «ግን ዓርብ ቀርቧል።»

ገጾቹን ወደ ተራቸው መለሱ። አያቷ በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለውን ገጽ የመጀመሪያ ቃል ጽፈዋል፤ ሙስሊማ እያነበበች፣ ሙእሚን እየፈለገ፣ አባቷ እየሰሙ «እሱ አይደለም፣ ያኛው ነው» እያሉ እስከ ቀትር ጨረሱት። ከዚያ ከገጹ ዓይኗን ሳትነቅል ማንበብ ጀመረች። እያንዳንዷን መስመር በጣቷ እየተከተለች ታነባለች፤ አንብባ ትጽፋለች። ዘገምተኛ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ገጽ። እግሯ ይርገበገባል፤ ልቧ ጉብታው ላይ ነው፤ በየሦስት መስመሩ የቀረውን ታሰላለች።

ሐሙስ ከሰዓት አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ናቸው። ፈጥናለች፤ ፊደሉ ለምዷታል። ከልጅነቷ ጀምሮ በደረሳው አፍ ስትሰማው ያደገችው ስንኝ ደረሰና ሳትደናቀፍ ወረደችው።

«ጀምበር ሳትጠልቅብህ፣ ተነሥተህ ተጓዝ…»

«ቆይ» አሉ አባቷ። «እዚያ ላይ እንደዚያ አይልም።»

«ይላል እንጂ አባ።»

«ጣትሽን አስቀምጪበት።»

ጣቷን አስቀመጠች። ፊደሉን ቆጠረች። ደነገጠች። ገጹ ላይ የተጻፈው «ጀምበር ሳትወጣብህ» ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አባቷን የወቀሰችበትን ጥፋት፣ ሁለት ዓይኗ እያየ፣ ራሷ ሠራችው።

«እንዴት አወቁ?»

«ስህተቶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ» አሉ ሸህ ሀቢቡላህ። «ሃምሳ ዓመት በአፌ ሳርማቸው ኖሬያለሁ። ኪታቡን ያንብቡልኝ ስትዪኝ ትክክለኛውን አነበብኩልሽ። የአባቴን እጅ ነው የምፈልገው ብትዪኝ እሱንም እነግርሽ ነበር። የትኛው ገጽ ላይ መስመር እንደደገሙ፣ የትኛው ላይ እንደዘለሉ።» ፈገግ አሉ። «ይችን ግን ማረም አልወድም።»

«ለምን?»

«ያን ጊዜ አሥር ዓመቴ ነው። ይህን ገጽ ሳነብላቸው ‹አባ፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል› አልኳቸው። አለንጋ ጠበቅሁ። ሳቁ። ‹ያን ዕለት እናትህ ምጥ ላይ ነበረች› አሉኝ። ‹ወንድ አይገባም፤ ደጅ ተቀምጬ ከምጨነቅ ብዬ እገለብጣለሁ። ሌሊቱ አልነጋ አለኝ። እጄ የጀምበርን መውጣት እንጂ መጥለቅ የሚያስብበት ጊዜ አልነበረም። ገጹ ሳያልቅ ነጋ፤ አንተ መጣህ።›»

ሙስሊማ ወደ ገጹ ጎንበስ አለች። ጣቷ እዚያው ቃል ላይ ነው። ቀለሙ ከሌላው መስመር ይልቅ ወፈር ያለ ነው፤ ብዕሩን ጠበቅ አድርገው የያዙ ይመስላል። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ደረሳው እያያት፣ ላፕቶፑ እየጠፋባት፣ አለቀሰች። አባቷ አላባበሏትም።

«ያለውን ማንበብ ከባድ ነው» አሉ ብቻ። «እኔም ዓይን እያለኝ አልሆነልኝም ነበር። በይ አብሽሪ፣ ቀጥዪ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው መልክ ያዘ። እሷ በዓይኗ ታነባለች፣ እሳቸው በጆሯቸው ይጠብቃሉ፤ ከልማድ ስታርም «ቆይ» ይሏታል፤ ጣቷን ታስቀምጣለች፤ ሁልጊዜ ልክ ናቸው። አክስቷ ነሲባ ምሳውን እዚያው አመጡላቸው። «ዛሬስ ቂጧ መሬት ነካ» አሉ ለወንድማቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልሳ ስምንተኛው ገጽ ላይ ጊዜው አለቀ። ሙስሊማ ጉብታውን ወጣች። ፎቶዎቹን ትታ ጽሑፉንና ፕሮፖዛሉን ብቻ ላከች፤ እሱም ሦስት ጊዜ ተቋርጦ በአራተኛው ሄደ። አንድ ሰዓት ያህል ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ተነሥታ፣ ዞራ፣ ደግሞ ተቀመጠች። ስልኩ ጮኸ።

«መቶ ነበር ያልኩሽ» አሉ ዶክተር አሳምነው።

«ስልሳ ስምንት ነው። ግን የተጻፈው ነው የተነበበው።»

«እያየሁት ነው። አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ‹ጀምበር ሳትወጣብህ› ይላል። ስንኙ እኮ ‹ሳትጠልቅብህ› ነው የሚፈልገው። ስህተት ነው፣ አርሚው።»

«አይታረምም ዶክተር።»

«ለምን?»

ነገረቻቸው። ስለ ምጡ፣ ስለ ደጁ፣ አልነጋ ስላለው ሌሊት። የወጣችው ጀምበር አባቷ መሆናቸውንም ነገረቻቸው። ዛሬ ያ ሕፃን ገጹን እንደማያየውም ነገረቻቸው፤ ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«እንግዲያው» አሉ ዶክተሩ፤ «ይህን የፕሮፖዛሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፊው። ማሽኑ መማር ያለበት ጸሐፊው ምን ማለት እንደነበረበት ሳይሆን ምን እንደጻፈ መሆኑን በዚሁ አስረጂ። ኮሚቴው ለምን መቶ አልሞላም ብሎ ይሟገትሻል፤ እኔ ግን ፈርሜያለሁ። ሠላሳ ሁለቱን ለመከላከያው ቀን ታደርሺያለሽ።»

ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች። እሑድ በመኪና ትመለሳለች፤ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣለች፤ ከእንግዲህ በዚህ ቤት ከእሷ የሚደበቅ እንደማይኖር አባቷን ታስምላቸዋለች። ይህ ሁሉ ሐሳብ እግሯ ሥር እየተጠላለፈ ከደጃፉ ደረሰች።

አባቷ መደቡ ላይ ናቸው። ስልሳ ዘጠነኛው ገጽ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ንፋስ እንዳይወስደው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ፈረሙ?» አሉ እርምጃዋን ሰምተው።

«ፈረሙ።»

«አልሃምዱሊላህ። ነይ ተቀመጪ እንግዲህ፣ ሳይመሽ።»

ሙስሊማ ተቀመጠች፤ ስልኳን አጥፍታ ከጎኗ አኖረች። ገጹን ለመቀበል ሁለት እጇን ዘረጋች። ሸህ ሀቢቡላህ የገጹን የመጀመሪያ ቃል ሰጧት፤ እሷ ከዚያ ተቀብላ ማንበብ ጀመረች።